ሰባት ቤት የተቆጠረላቸው ዝንቦች

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የሰማሁት የመጀመሪያ ትእዛዝ «በሩን ቶሎ ዝጊው፣ ያመልጣሉ!» የሚል ነበር። እስረኛ የሚጠበቅበት ቤት የገባሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። የሚጠበቁት ዝንቦች ነበሩ።

ከዚያ በፊት መገናኛ አካባቢ በአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኜ ደም፣ ሽንትና ሰገራ ስመረምር ኖሬአለሁ። የምርምር ጣቢያው ማስታወቂያ «ንጹሕ የሥራ አካባቢ» ይል ስለነበር ተመዘገብኩ። ባለቤቴ ነገሩን ሲሰማ፣ «ሀገር ሁሉ ዝንብ ያባርራል፣ አንቺ ደመወዝ እየተከፈለሽ ልትቀልቢ ነው?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲግናል ሰፈር ባለው ቤታችን አንዲት ዝንብ ከገባች «አስቴር፣ ከመሥሪያ ቤት ይፈልጉሻል» ይለኛል። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አልተወኝም።

ጣቢያው ከቀበና ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ በባሕር ዛፍ መሃል ያለ አሮጌ ግቢ ነው። ቦታው ብርድ ነው። ዝንቦቻችን ደግሞ ሙቀት ካላገኙ አይወልዱም። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ማሞቂያ የተፈቀደለት አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱም የዝንቦቹ። ክረምት ሲገባ ኃላፊዎቹ ስብሰባውን ሁሉ እዚያ መጥራት ጀመሩ። እጁን የሚያወጣው ሰው አስተያየት ሊሰጥ ይሁን ዝንብ ሊያባርር አይታወቅም ነበር።

የምናረባው ቆሻሻ ላይ የሚያርፈውን ዝንብ አይደለም። የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ከዚያኛው ያነሰ፣ ክንፉ ዥንጉርጉር የሆነ። ሴቷ በጅራቷ ጫፍ ባለ መርፌ የመሰለ ነገር የኮኩን ወይም የዘይቱናውን ልጣጭ ወግታ እንቁላሏን ውስጥ ትጥላለች። ፍሬው ከውጭ አምሮበት ውስጡ ትል ይሆናል። ከሾላ ገበያ የገዛችሁት ኮክ እንዲህ ሆኖ ካገኛችሁት ነጋዴዋን ከመርገማችሁ በፊት እኛን አስቡን።

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር መኮንን ውጭ ተምሮ የመጣ፣ ደግ፣ ለሥራው የሚንገበገብ ሰው ነበር። አንድ ጉድለት ነበረበት። አንድን ነገር በስብሰባ ላይ ከተናገረው የተሠራ ይመስለዋል።

ለዝንቦቹ ምግብ ፉርሽካ፣ እርሾና ስኳር እንገዛ ነበር። አንድ ኦዲተር ሦስቱን በአንድ ላይ ስንገዛ አይተው አረቄ ታወጣላችሁ ወይ ብለው ጓዳችንን ሁሉ አሽትተዋል። ስኳር የጠፋ ጊዜ ዶክተር መኮንን ራሱ ወደ ሸማቾች ሱቅ ወረደ። ሻጩ፣ «የቤተሰብ ብዛት?» አለው።

«ወደ አርባ ሺህ።»

«ስንት ክፍል ቤት ነው?»

«አንድ።»

ባዶ እጁን ተመለሰ። በማግስቱ ጋሽ ደምሴ ሄዱና ስኳሩን በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ሻጩ የዕድራቸው አባል ነበር።

ጋሽ ደምሴ የደመወዝ መዝገብ ላይ «የነፍሳት ተንከባካቢ» ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። ጠዋት የዝንቦቹን ውሃ ይቀይራሉ፣ ፉርሽካውን ያቦካሉ፣ ሣጥኖቹን ይጠርጋሉ። ከጣቢያው በር ሲወጡ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ቀበና ላይ የዕድር ዳኛና ሽማግሌ ናቸው፤ በተለይ ደግሞ ዘር ይቆጥራሉ። ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲያስቡ ቤተሰብ የሠርግ ካርድ ከማሳተሙ በፊት እሳቸው ዘንድ ይመጣል። በአባትም በእናትም ሰባት ቤት ወደ ላይ ቆጥረው፣ ካልተገናኘ «ይጋቡ» ይላሉ፤ ከተገናኘ «እህትና ወንድም ናቸው፣ አይሆንም» ይላሉ። አንድ ጊዜ አዳራሽ ከተከራየ በኋላ የሁለቱ ወገን ቅድመ አያቶች እህትማማች ሆነው ስላገኟቸው ሠርግ አስቀርተዋል። ያኔ ሁለቱም ወገን ሰደባቸው። ዛሬ ሁለቱም ወገን ሲያያቸው ከመቀመጫው ይነሣል።

ይህንን ሙያቸውን ዝንቦቹም ላይ ያሳዩ ነበር። ሣጥኖቹ ቁጥር አላቸው፤ እሳቸው ግን በቁጥር አይጠሯቸውም። ከጣቢያው በታች ከሚኖሩት ከእማማ ብርቄ ጓሮ ኮክ የወጡት «እነ እማማ ብርቄ» ናቸው። ከሾላ ገበያ የበሰበሰ ዘይቱና የወጡት «ሾላዎቹ» ናቸው። ከላይ ካለው በለስ የመጡት «የእንጦጦ ሰዎች» ይባላሉ። «እነ እማማ ብርቄ ዛሬ ምግብ አልበሉም፣ ምን ሆነው ይሆን?» ሲሉ እንግዳ የሰማቸው እንደሆነ ጎረቤት ታሞባቸው ይመስለው ነበር።

እማማ ብርቄ ራሳቸው ግን በዚህ ወዳጅነት ደስተኛ አልነበሩም። ኮካቸው ላይ የሰቀልነውን ቢጫ ወጥመድ አንድ ቀን አውርደው ጣቢያው ድረስ ይዘውት መጡ። «ዝንብ አልነበረብኝም፤ እናንተ ናችሁ ጠርታችሁ ያመጣችሁብኝ!» አሉ። ዶክተር መኮንን ወጥመዱ የሚስበው ድሮም የነበሩትን እንደሆነ በእንግሊዝኛ እያጣቀሰ አስረዳቸው። «እንግዲያው የእኔ ከሆኑ ለምን ወሰዳችኋቸው?» አሉት። 

ሰላማዊት፣ እኛ ሰላም የምንላት፣ የመጣችው በዚህ ሁሉ መሃል ነው። ለዶክትሬት የምታጠና፣ አባቷ በልጅነቷ የሞተባት፣ እናቷ ሀዋሳ የምትኖር ልጅ ናት። ሥራዋ የእኛን ሀገር የፍራፍሬ ዝንብ ዘረመል ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ ነበር። ገበሬው ማሳውን በመርዝ ሳያጥብ ዝንቡን የሚከላከልበት መንገድ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ለንባቡ ግን እርስ በርሳቸው ፍጹም የሚመሳሰሉ ዝንቦች ያስፈልጋሉ።

«እትዬ አስቴር፣» አለችኝ ማይክሮስኮፑ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «የአሥር መጽሐፍ ገጽ ተቀደው ቢደባለቁ ማንበብ ይቻላል? አይቻልም። የአንድ መጽሐፍ ብቻ መሆን አለባቸው።»

ለዚህም ያለው ዘዴ አንድ ነው። ከአንዲት እናት የተወለዱትን ወንድምና እህት ማጋባት። ልጆቻቸውን እንደገና ወንድም ከእህት ማጋባት። እንዲህ እያሉ ወደ ሃያ ትውልድ ማድረስ። ከዚያ ዝንቦቹ እንደ መንታ ይሆናሉ። ይህ ካልተሳካ ንባብ የለም፤ ንባብ ከሌለ የሰላም ትምህርት የለም።

ዶክተር መኮንን ሁላችንንም ዝንቦቹ ክፍል ሰበሰበን። ግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሥዕል እያሳየ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። በመጨረሻም በአማርኛ፣ «በአጭሩ፣ ወንድምና እህት ነው የምናጋባው። ክሊር ነው?» አለ።

«ክሊር ነው» አልን ሁላችንም።

«ጋሽ ደምሴ፣ ጥንዶቹን ሣጥን ውስጥ የሚያስገቡት እርስዎ ነዎት። ጥያቄ አለ?»

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የለም፣ ዶክተር» አሉ።

«ኤክሰለንት!» አለ ዶክተር መኮንን።

ሥራው እንዲህ ተከፋፈለ። እኔ ዝንቦቹ ገና እንደተፈለፈሉ በማይክሮስኮፕ ሴትና ወንዱን እለያለሁ። ወንዱ ግንባሩ ላይ ጫፋቸው ሰፋ ያሉ ሁለት ፀጉሮች አሉት፤ ሴቷ ያቺ መርፌዋ አለች። ለያይቼ ቁጥር በተጻፈባቸው ብልቃጦች አስቀምጣለሁ። ጋሽ ደምሴ በአፍ በሚሳብ ቀጭን ቱቦ ከአንዱ ብልቃጥ ወንድ፣ ከሌላው ሴት አንሥተው በትንሽ ሣጥን ያገናኟቸዋል። የቱቦው አፍ በሻሽ የተሸፈነ ነው፤ አለዚያ ዝንቡ ጉሮሮ ይገባል። ይህንን ከአንድ ጊዜ በላይ የዘነጋ ሠራተኛ አላየሁም።

ወደ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን። ዝንቦቹ ተመቻቸው። እንቁላሉ በረከተ፣ ሣጥኑ ጠበበ፣ አዲስ መደርደሪያ አሠራን። ሰላም ግር ይላት ነበር። የቅርብ ዘመድ ሲጋባ ዝርያው መድከም እንዳለበት ታውቃለች። የእሷዎቹ ግን ይወፍራሉ። ለዶክተር መኮንን ነገረችው። እሱ ለበላይ አካል የሚልከው ሪፖርት ላይ «የላቀ አፈጻጸም» ብሎ ጻፈውና ሁላችንም ተመሰገንን። ምስጋና ከመጣ በኋላ ነገሩን ማን ይመረምራል?

ናሙናው ለንባብ ወደ ውጭ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ አንባቢው ባለሙያ በኮምፒውተር ቀርቦ አነጋገረን። ፊቱ ላይ እንደ ሐኪም ያለ ርኅራኄ ነበር። «እነዚህ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው ያላችሁኝ?» ሲል ጠየቀ። «ከየመንገዱ የተለቀሙ ነው የሚመስሉት።»

ዶክተር መኮንን ኮምፒውተሩን ዘጋና፣ «ይህማ ዘር አይደለም፣ ሾላ ገበያ ነው!» ብሎ ራሱን ያዘ።

ሰላም አልጮኸችም። የሣጥኖቹን ወንፊት አንድ በአንድ እየዳሰሰች ቀዳዳ ፈለገች። ቀዳዳ የለም። ቀጥላ ወደ እኔ መጣች። «እትዬ አስቴር፣ ብልቃጦቹን አደባልቀው ይሆን?» አለችኝ። ተቆጣሁ። እኔ በክሊኒክ ዘመኔ እንኳ የአንዱን ሽንት ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም።

ጋሽ ደምሴ ጥግ ላይ ፉርሽካ ያቦኩ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ቀዳዳ አትፈልጉ» አሉ። «ከሰባት ቤት በታች አንዱንም አላጋባሁም።»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። እሳቸው እጃቸውን አራግፈው ማስረዳት ጀመሩ። ለእነ እማማ ብርቄ ሴት ከሾላዎቹ ወንድ አምጥተዋል። ለልጃቸው ደግሞ ከእንጦጦ ሰዎች፤ ዘሩ ሊገናኝ ሲል ከአዲስ ፍሬ የወጡትን። በየትውልዱ የማን ልጅ የማን እንደሆነች በቃላቸው ይዘው፣ አባትና እናት እየቆጠሩ፣ ሳይገናኝ ያጋባሉ። ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ግን «የሴቷ ቤት ስለሆነ» አልነኩትም። በኩራት ነበር የተናገሩት። ምስጋና የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

«ወንድምና እህት ተብሎ አልነበረም እንዴ?» አለች ሰላም።

«ሰምቻለሁ ልጄ። በሰው ፊት ዶክተሩን ላሳፍራቸው አልፈለግኩም እንጂ ያ ነገርማ አይሆንም።»

ሰላም መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ አለቀሰች። እኔ በአንድ በኩል ጋሽ ደምሴን ማነቅ አማረኝ፤ በሌላ በኩል ሳቄ መጣ፤ ሁለቱንም ዋጥኩት። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፣ በእኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ነገሩ እውነት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሰው ሀብት ኃላፊው ሰብሳቢ ሆኑ። ጋሽ ደምሴን ጠርተው፣ «ለምን ትእዛዝ ጣሱ?» አሏቸው።

«አጋባ ተባልኩ፣ አጋባሁ።»

«ወንድምና እህት እንዲያጋቡ ነበር የታዘዙት።»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ ያደርጉት ነበር?»

ሰብሳቢው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ የልጆቻቸውን ዘር ያስቆጠሩት በጋሽ ደምሴ ነው። ኮሚቴው ረጅም ውይይት አድርጎ በቃል ማስጠንቀቂያ አለፈና ለሠራተኛው በሙሉ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና እንዲሰጥ ወሰነ። ሥልጠናው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ተሰጠ። አሠልጣኙ ስለ አመራር ጥበብ ነገረን። ዓሣው ጥሩ ነበር። ስለ ዝንብ የተነሣ ነገር አላስታውስም።

ሰላም ከዩኒቨርሲቲዋ አንድ ማራዘሚያ አገኘች። ከዚያ በኋላ ሌላ የለም ተባለች። ዝርያውን ከመጀመሪያው ልትጀምር ነው። ጥንዶቹን ማን ያገናኝ ሲባል ግን ሁሉም ሰበብ ፈለገ። አንዱ ዲያቆን ነኝ አለ። አንዷ በእኛ ሃይማኖት ሐራም ነው አለች። እኔም ከጸሎት ቤታችን የሰማሁትን አንድ ጥቅስ ጠቅሼ አመለጥኩ፤ ጥቅሱ ስለ ዝንብ አንዳች አይናገርም። ዶክተር መኮንን የአስተዳደር ሥራ በዝቶብኛል አለ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው በአንድ ዝንብ ጋብቻ ላይ ሃይማኖተኛ ሆነ።

«እኔ ራሴ አደርገዋለሁ» አለች ሰላም።

አደረገችውም። ከየትኛውም ቦታ፣ በዝናብም በበዓልም፣ ዝንቦቹ በሚደርሱበት ቀን ትመጣለች። ጋሽ ደምሴ ጥንዶቹን አይነኩም፤ ምግባቸውን ግን ያለ እሳቸው ማንም አይሠራም። ሰላም ቱቦውን ስታነሣ እሳቸው ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ይወጣሉ። ስትጨርስ ይመለሳሉ። እርስ በርሳቸው አይጣሉም፣ አይታረቁም፤ ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ።

በዚህኛው ጊዜ ዝንቦቹ ደከሙ። ሰላም እንደምትጠብቀው ነው። እንቁላሉ አነሰ። ክንፋቸው የተጣመመ ተፈለፈሉ። ጋሽ ደምሴ «ወይኔ፣ ምስኪን» እያሉ ስኳሩን በጥጥ አርሰው አፋቸው ድረስ ያደርሱላቸው ነበር። የዘር ሐረጉ እየቀጠነ ሄዶ ከማለቂያው ሁለት ትውልድ ሲቀረው፣ ከሁሉም ብልቃጥ አንድ ወንድና ሁለት እህቶቹ ብቻ ቀሩ።

ያን ቀን ለእንግዶች ተብሎ መንገድ ተዘግቶ ነበር። እኔ ከመዘጋቱ በፊት በጠዋት ደርሻለሁ። የዓይን ሞራ ተገፎልኝ አንድ ዓይኔ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ፈቃድ ላይ መሆን ሲገባኝ ሰላም ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው የመጣሁት። ጋሽ ደምሴ ከቀበና በእግራቸው መጥተዋል። ሌላ ሰው የለም። ብልቃጡን ወደ ብርሃን ሳነሣው ወንዱ በጀርባው ወድቆ እግሩን ያንፈራግጣል። በአንድ ዓይኔም ቢሆን አወቅኩት። ከሰዓት አይደርስም።

ሰላም ጋር ደወልኩ። ሲኤምሲ መንገድ ላይ ቆማለች። ፖሊሱ በእግርም አላሳልፍም ብሏታል። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«እትዬ አስቴር፣ እባክዎ እርስዎ ያገናኟቸው» አለች። 

ሞከርኩ። ቱቦውን ከብልቃጡ አፍ ላገጥመው አልቻልኩም፤ በአንድ ዓይን ርቀት አይለይም። ሁለተኛ ስሞክር የብልቃጡን ጠርዝ መታሁትና ዝንቡ ከላይ ወደ ታች ወደቀ። እንዳልገድለው ፈርቼ ተውኩት። «ሰላምዬ፣ አልቻልኩም» አልኳት።

 በመኪና ጡሩምባ መሃል፣ «በቃ እንግዲህ፤ አይጨነቁ» አለች። የማለቅስበት ዓይን አንድ ብቻ ነበር፣ በእሱ አለቀስኩ።

ጋሽ ደምሴ በሩ አጠገብ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። «ስልኩን ዝጊው» አሉኝ። ዘጋሁት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሥራ ላይ ባዶ ራሳቸውን ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፣ ቆይተው እንደገና ታጠቡ። አማተቡ።

«ወንድሟ ነው?» አሉ።

«ወንድሟ ነው፣ ጋሼ።»

«የአንድ እናት?»

«የአንድ እናት።»

ቱቦውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚስብ ሰው አላየሁም። ዝንቡን አንሥተው ከእህቶቹ ጋር ትንሿ ሣጥን ውስጥ እፍ አሉት። ማሞቂያውን አስጠጉላቸው። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ሣጥኑን ሸፈኑት። ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ራሳቸው ላይ ሳያደርጉት፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ ወጡ። እስከ ምሳ አልተመለሱም።

እንቁላሎቹ ጥቂት ነበሩ፤ በቁ። የቀረውን ሰላም ጨረሰች። ያው ባለሙያ በኮምፒውተር ቀርቦ በዚህ ጊዜ ሳቀ። ንባቡ ጠራ፣ ጥናቱ ታተመ፣ ሰላም ዶክተር ሆነች። ጣቢያው ባነር አሠርቶ ድግስ ደገሰ። ዶክተር መኮንን የምስክር ወረቀት ተቀበለ። የሰው ሀብት ኃላፊው ስኬቱ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠናው ውጤት መሆኑን ገለጹ። ጋሽ ደምሴ ከሁላችንም ኋላ ቆመው ኬክ በሉ።

ከድግሱ በኋላ ጥቂት ቆይታ ሰላም ዝንቦቹ ክፍል መጣች። እኔና ጋሽ ደምሴ ፉርሽካ እየነፋን ነበር። ልታገባ ነው። የልጁ ወገን ሽማግሌ ሊልክ ነው። በእሷ በኩል ተቀምጦ የሚቀበል አባት የላትም። ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እንደ አባት ሆነው እርስዎ ይቀበሉልኝ» አለቻቸው። «ሰባት ቤቱንም እርስዎ ይቁጠሩልኝ።»

እኔ ደስ ብሎኝ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ልጄ፣ ሌላ ሽማግሌ እፈልግልሻለሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ሽምግልናውን ትቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ያን ጊዜ ነው። መንገድ የተዘጋ ቀን።» ወንፊቱን አስቀመጡት። «ለዕድሩ ደክሞኛል ብያቸዋለሁ፤ እነሱም እርጅና ነው ብለው ተቀበሉኝ። በዚህ እጄ ወንድምና እህት አጋብቼ፣ ሰው ቤት ተቀምጬ ዘር ልቆጥር አልችልም።»

«ጋሼ፣ ዝንብ እኮ ነው!» አለች ሰላም።

«አውቃለሁ» አሉ።

  ያን ቀን ዝርያው በመትረፉ ስንደሰት ከርመን፣ እሳቸው ቀበና ላይ የነበራቸውን ስም ለዚያች ሣጥን ከፍለው መምጣታቸውን ማናችንም አላሰብነውም። ዶክተር መኮንን አላሰበውም፣ ኮሚቴው አላሰበውም፣ አጠገባቸው የነበርኩት እኔም አላሰብኩትም። ሰላም ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። እሳቸው ወንፊቱን አነሡና፣ «አስቴር፣ ፉርሽካው ጓጉሏል፣ እንደገና ንፊው» አሉኝ። ነፋሁት።

ወደ ምርምር ሥራ ለምትገቡ ልጆች የምለው ይኸው ነው። ሰው ስታዙ፣ ያዘዛችሁት ነገር ያንን ሰው ምን እንደሚያስከፍለው አስቀድማችሁ ጠይቁት። እኛ ጋሽ ደምሴን አልጠየቅናቸውም።